አልገጥም አለኝ

የስንሻው ሚኒባስ ከሽንዲ ስትመጣ ልቧ ቀጥ ብሎባት፣
ባይሱዙ ገመድ ጎትተው አምጥተው ቡሬ ደጄ ጣሏት።
ኮፈኗን ከፍቼ ሳይ ቴስታታው ተሰንጥቆ፣
ዘይቷ እንደ አጥሚት ነጥቷል ከውሃው ጋር ታርቆ።
«ሌላ ይገዛ» አልኩት። ላከና አስመጣ ከሱማሌ ተራ፣
በላስቲክ ጠቅልለው በገመድ ያሰሩት፣ ዱባይ ዞሮ የመጣ፣ ጤናው የተወራ።

«ያው ነው» አለኝ ሻጩ በስልክ፤ «ያው ስሙ፣ ያው ዘሩ፣
ቡሎን አጥብቆ ማስነሳት ነው፤ ምንድነው ማማረሩ?»
ያው ነው! በዚች ቃል ስንቱ ተሞሸረ፣ ስንቱ ቤት ፈረሰ፤
ያው የሚመስል ነገር ጎን ለጎን ሲተኛ ነው ጉዱ የደረሰ።

በባሕር ዛፍ አጣና ላይ ካቴና አስረን፣ እኔና እንየው አውርደን፣
ሟቹንና ሙሽራውን ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ብናስተኛቸው፣
የሟቹ ጭስ የሚመልስ ቫልቭ አለው፣
ቀጭን ቧንቧው ከኮሌቶሬው ዞሮ እስከ መተንፈሻው፤
የሙሽራው በዚያ ቦታ ድፍን፣ እንደ ታወረ ዓይን።
የሟቹ ሁለት ሴንሰር፣ አንዱ ከካታሊስቱ ፊት፣ አንዱ ከኋላ፤
የሙሽራው አንድ ብቻ፣ ሶኬቱም ሌላ።

የመጣበት አገር ጭስ አይጠየቅም ይሆናል።
ይቺ መኪና ግን ትጠይቃለች።
ከዳሽቦርዱ ሥር ያለችው ሣጥን፣ ኮምፒውተሯ፣
እንደ ክፍል አለቃ ስም ትጠራለች፤
«ቫልቭ?» ዝም። «ሁለተኛው ሴንሰር?» ዝም።
«አቤት» የሚል ስታጣ ቢጫ መብራቷን ታበራለች።

እንየው መላ አያጣም፤ «ጋሼ፣ አምፖሏን ነቅለን ብንጥላት?
ወይ በጥቁር ፕላስተር ከላይ ብንለጥፍባት?»
«ምስክር አፍነህ» አልኩት «ትረታ ይሆናል እንጂ
እውነት አይኖርህም።» ደግሞ ልጅ መቆጣት ሲያምርብኝ!
አምና፣ ለሌላ መኪና፣ ፕላስተሩን የለጠፍኩት እኔ ነበርኩ።
ያን ጊዜ ነው ትሁኔ መሳል የጀመረችው።

ትሁኔ ልብስ ሰፊ ናት፣ በጭቃ ግድግዳ የምንዋሰን፤
ነጭ ቴትሮን ለመዘምራን ስትሰፋ፣ የደጄ ጥላሸት
ከመርፌዋ ቀድሞ ጨርቁን ይወጋል።
ስለ ሳሉም ስለ ጥላሸቱም አንድ ቀን ስሜን አላነሣችም።

አባቴ ለዲማ ስንቅ ቋጥሮልኝ ነበር፣ ቅኔ እንድቆጥር፤
ሸሽቼ ጋራዥ ገባሁ። ቤት የማይመታ ነገር
ተከትሎኝ መጣ።
የሟቹን ኮሌቶሬ ፈትቼ ለሙሽራው ባለብሰው
አራቱ ቡሎን ገባ፤ አምስተኛው በግማሽ ጣት ሳተ።
አልገጥም አለኝ።

ስምንት ሚሊ ላሜራ ቆረጥኩ፣ በሳሁ፣ ሞረድኩ፣
ለካሁ፣ እንደገና ሞረድኩ፤
ሽቦውን ሳልቆርጥ ከነሶኬቱ ከሟቹ አወረስኩት።
እንግዳ ነህና የቤቷን ሥርዓት ልበስ አልኩት ሞተሩን።
በሦስተኛው ቀን ያን ድፍን ክዳን ብፈታው፣
ከሥሩ ቀዳዳው አለ! ሥራ ያልጀመረ፣ ንጹሕ፣
አንድ የማላውቀው ሰው በማላውቀው አገር ከድኖት።
ታውሯል ያልኩት ዓይን ተጨፍኖ ነው የኖረው።

ቅዳሜ ወደ ማታ አስነሣን። ስንሻው መብራቷን ያያል፣
እንየው ዘይቱን፤ እኔ የትሁኔን ደጅ።
ወጣች። ቁራጭ ቴትሮን ይዛ ጎንበስ አለች፣
ከማርሚታው አፍ ላይ ዘረጋችው፣
አሥር እስክቆጥር፣ ሃያ እስክቆጥር።
እርጥብ። እርጥብ ብቻ።
አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው፤ ምንም አላለችኝም።

ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ግን አሁንም የሟቹ ነው፤
ሰኞ ከስንሻው ጋር ቢሮ ለቢሮ እንዞራለን፣
«ያው ነው» በማይባልበት።
ኪሴ ውስጥ ሁለት ቡሎን ተርፎኛል፤
ከየትኛው እንደሆነ እንጃ።